«አይወድቅም» የተባለው ሰርቨር ለምን ይወድቃል?

«ይሄ እኮ ብልሽት የሚቋቋም ሰርቨር ነው፤ ምን ክትትል ያስፈልገዋል?» ይህን ያልሰማሁበት ቢሮ ጥቂት ነው። ብልሽት የሚቋቋም የሚባለው አንድ ክፍሉ ቢበላሽም ሥራው እንዳይቋረጥ የተሠራ ሰርቨር ነው። ከአይቲ ኃላፊዎች አፍ ጭምር መስማቴ ነው የሚያናድደኝ። ወደ እሱ ከመግባቴ በፊት ትንንሾቹን የተሳሳቱ እምነቶች ላንሳ።

«የኮንሶሉን ገጽ ከዘጋሁት ሰርቨሩ ይቆማል።» አይቆምም። ኮንሶል ሰርቨሩን በብሮውዘር የምናስተዳድርበት ገጽ ነው። ብሮውዘሩ የሚያሳየው ሁኔታውን ነው፤ ሥራው የሚሠራው ሰርቨሩ ላይ ነው።

«ኮንሶሉ እምቢ ካለ ሰርቨሩ ወድቋል።» የግድ አይደለም። ኮንሶሉን የሚያቀርበው የማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ሌላ ነው፤ ሰው የሚሠራባቸው ቨርቹዋል ማሽኖች (በሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮች) ሌላ። መጀመሪያ የኮንሶሉ አድራሻ በኤችቲቲፒኤስ (https://) መጻፉን አጣሩ። ኮምፒውተራችሁ ወደ ማስተዳደሪያው ኔትወርክ መድረሱንም እዩ። ከዚያ የእያንዳንዱን ማሽን አይፒ በፒንግ (መልስ ይሰጥ እንደሆነ በሚጠይቀው ትእዛዝ) ፈትሹ። እባካችሁ፣ ይህን ሳታደርጉ ሪስታርት አትንኩ።

«ብሮውዘሩ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ካለ ተጠልፈናል።» አዲስ ሰርቨር ላይ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨሩ ለራሱ የፈረመው ሰርተፍኬት (ማንነቱን የሚያሳይ ዲጂታል መታወቂያ) ነው። የድርጅታችሁን ሰርተፍኬት ጫኑበት። ከጫናችሁ በኋላ ማስጠንቀቂያው ድንገት ከመጣ ግን ፓስወርድ ሳታስገቡ ቁሙ።

«ባክአፕ አያስፈልግም።» ያስፈልጋል። መረጃው በሁለት ዲስክ ላይ እኩል ስለሚጻፍ፣ በስህተት የጠፋ ፋይልም ከሁለቱም ላይ እኩል ይጠፋል።

አሁን ወደ ዋናው። እነዚህ ሰርቨሮች የሚቆሙት በጥንድ ነው። እንደ ስትራተስ ኩባንያው ኤፍቲሰርቨር ያሉት በሁለት የሃርድዌር ክፍሎች አንዱን ትእዛዝ እኩል ያስኬዳሉ። እንደ ኤቨርራን ያሉ ሶፍትዌሮች ደግሞ ሁለት የተለያዩ ማሽኖችን በኔትወርክ ያጣምራሉ። አንዱ ጎን ሲበላሽ ሌላው ይቀጥላል፤ ተጠቃሚው ምንም አይሰማውም።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ተራ ሰርቨር ሲወድቅ ስልኩ ይጮኻል፤ ሁሉም ያውቃል። እዚህ ግን ማንም አይደውልም። ብልሽቱን የሚያውቀው ሲስተሙ ብቻ ነው፤ የሚናገረውም በኮንሶሉና በሚልከው ማስጠንቀቂያ ነው። የሚያነበው ከሌለ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያላችሁ ተራ ሰርቨር ነው። ያውም ተራ መሆኑን የማታውቁት።

ሻጮች የሚጠሩት «99.999 በመቶ ሳይቋረጥ ይሠራል» የሚለው ቁጥር በዓመት ወደ 5 ደቂቃ ገደማ መቋረጥ ማለት ነው። ያ ቁጥር የሚሠራው የተበላሸው ክፍል ቶሎ ከተቀየረ ነው። ይህን ግን ሲናገሩት አልሰማም።

አንድ ድርጅት «ሰርቨሩ ዋሽቶናል» ብሎ ጠርቶኝ ነበር። ሁለቱም ማሽኖች ቆመዋል። አንዱን ካስነሳን በኋላ የኮንሶሉን የማስጠንቀቂያ ዝርዝር ከፈትኩ። አንደኛው ማሽን ከወራት በፊት በዲስክ ብልሽት ከጥንዱ ወጥቷል። ሲስተሙ ኢሜይል ልኳል፣ ደጋግሞ ልኳል። የተላከው ግን ሥራ ለለቀቀ ሠራተኛ ነበር። ሁለተኛው ማሽን ፓወር ሰፕላዩ ሲቃጠል የሚተካው አልነበረም። ሰርቨሩ አልዋሸም፤ ያዳመጠው የለም።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያው በአንድ ሰው ስም አይሂድ፤ በቡድን አድራሻ ይሁን። የሙከራ ኢሜይል ላኩና መድረሱን በዓይናችሁ እዩ። ሌላ የክትትል ሲስተም ካላችሁ በኤስኤንኤምፒ (መሣሪያዎች ሁኔታቸውን በኔትወርክ በሚያሳውቁበት መንገድ) አያይዙት። ኮንሶሉንም በየጠዋቱ አንድ ሰው ይክፈተው፤ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይወስድም። አረንጓዴ ምልክት ስታዩም የምታዩት የማሽኑን ጤና ነው፤ ውስጥ ያለው ዳታቤዝ ተንጠልጥሎም አረንጓዴው ሊበራ ይችላል። እሱን ለብቻው ተከታተሉ።

ስትጠግኑም አትቸኩሉ። ማሽኑን ከመንካታችሁ በፊት ከኮንሶሉ ላይ ወደ ጥገና ሁኔታ አስገቡት። የትኛው ጎን እንደተበላሸ ኮንሶሉንም የማሽኑን መብራትም አይታችሁ አረጋግጡ፤ ጤነኛውን ነቅለው ሁሉንም ያቆሙ ሰዎች አይቻለሁ። ዲስኩ ተቀይሮ ማሽኑ ሲነሳም ሥራው አላለቀም። መረጃው ከደህናው ወደ አዲሱ እስኪገለበጥ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ኮንሶሉ ማመሳሰሉ ማለቁን እስኪያሳይ ድረስ ደህናውን ማሽን ማንም እንዳይነካው አድርጉ።