ያፖክ ምንድን ነው? ልጆቿን ይዛ የምትጠልቀው ኦፖሰም

ያፖክ ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ሰሜን ምሥራቅ አርጀንቲና ድረስ በጫካ ወንዞች ዳር የሚኖር የኦፖሰም ዝርያ ነው። ኦፖሰሞች እንደ ካንጋሮ ገና አካላቸው ያልጠና ልጆች ወልደው ሆዳቸው ላይ የሚያሳድጉ አጥቢዎች ናቸው። በአሜሪካ አህጉራት ከ100 በላይ ዝርያዎች አሏቸው፤ ከሁሉም ለውሃ ኑሮ የተሠራው ግን ያፖክ ነው። ስሙ የመጣው ብራዚልንና የፈረንሳይ ጉያናን ከሚለየው ኦያፖክ ወንዝ ነው።

ሳይንሳዊ ስሙ ኪሮኔክተስ ሚኒመስ ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1780 መጀመሪያ ሲሰየም ኦተር የሚባለው ዓሣ በል አጥቢ መስሏቸው «ትንሹ ኦተር» አሉት፤ «ሚኒመስ» የዚያ ስህተት ቅሪት ነው። «ኪሮኔክተስ» ደግሞ በግሪክኛ «በእጁ የሚዋኝ» ማለት ነው። ይኸኛውም አልሆነም፤ ያፖክ የሚዋኘው በእግሩ ነው። የኋላ እግሮቹ ጣቶች እንደ ዳክዬ በስስ ቆዳ የተያያዙ ናቸው፤ ግራና ቀኙን እያፈራረቀ ይቀዝፍባቸዋል። በፊት እጆቹ ጣቶች መካከል ግን እንዲህ ያለ ቆዳ የለም። ረጃጅምና ስሜታቸው ስል የሆኑትን ጣቶቹን ወደፊት ዘርግቶ በጨለማ ድንጋይ ለድንጋይ እየዳበሰ ሸርጣን፣ ዓሣና እንቁራሪት ይይዛል። ከእጁ አንጓ ጎን ስድስተኛ ጣት የሚመስል የአጥንት ጉብታ አለ፤ የሚያሟልጨውን ዓሣ ጨብጦ ለመያዝ ይረዳዋል።

ትልቁ ነገር ሴቷ ልጆቿን የምትይዝበት፣ ሆዷ ላይ ያለው የቆዳ ከረጢት ነው። ልጆቹ ሲወለዱ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ናቸው። እያንዳንዳቸው ጡት ጎርሰው ስለሚቆዩ እናቲቱ አደን ስትወጣ ጎጆ ትታቸው መሄድ አትችልም። ውሃ ቢገባባቸው ደግሞ ይሰጥማሉ። የካንጋሮ ከረጢት አፉ ወደ ራስ በኩል ስለሆነ ወደፊት ሲዋኙ ውሃ ይቀዳል፤ የያፖክ ግን ወደ ጭራ ይከፈታል። አፉን ዙሪያውን የከበበ ጡንቻ አለ። ልትጠልቅ ስትል፣ የከረጢቷ አፍ ማሰሪያ ገመዱ እንደተሳበ ጆንያ ይጨመደዳል፤ በጠርዙ ያለው ረጅም ጠጉርና ቅባት የቀረችውን ክፍተት ይደፍናል። ውስጥ የቀረው አየር ትንሽ ነው፤ ልጆቹ ግን ጥቂት ደቂቃ በዚያው ይቆያሉ። በ40 ቀን ገደማ ዓይናቸው ይገለጣል።

ወንዱም ከረጢት አለው። ሲዋኝ የዘር ፍሬውን ወደዚያ ስለሚሰበስብ ውሃ ውስጥ ካለ ቅርንጫፍ ጋር አይጠላለፍበትም፤ አፉ ግን እንደ ሴቷ ጥብቅ ብሎ አይዘጋም። ዛሬ በሕይወት ካሉ ባለ ከረጢት አጥቢዎች መካከል በሁለቱም ጾታ ከረጢት ያለው እሱ ብቻ ነው። ሌላው በአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ ደሴት ይኖር የነበረው፣ ውሻ የሚመስለው ሥጋ በል ታይላሲን ነበር፤ የመጨረሻው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 በደሴቲቱ ከተማ በሆባርት የእንስሳት ማቆያ ሞተ።

ያፖክ በአውራ ጎዳና ዳር ቆሻሻ ከሚበረብረው የተለመደ ኦፖሰም በቀላሉ ይለያል። ርዝመቱ ያለ ጭራው ከ27 እስከ 40 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ በታች ነው። በግራጫ ጀርባው ላይ ሰፋፊ ጥቁር መስመሮች ተጋድመው በአከርካሪው ላይ ይገናኛሉ። ጠጉሩ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ውሃ አይዘልቀውም።

ብዙዎች ብርቅ ነው የሚሉት አንዱ ምክንያት የሚፈልጉት በተሳሳተ ቦታ መሆኑ ነው። የጫካ እንስሳት አጥኚዎች ወጥመዳቸውን በሙዝ ወይም በኦቾሎኒ አጥምደው መሬት ላይ ያስቀምጣሉ፤ ምግቡን ከውሃ የሚያወጣ እንስሳ ለዚህ ዞር ብሎም አያይም። የሚሠራው ሁለት በር ያለውን የሽቦ ወጥመድ ወንዙ በሚጠብበት ቦታ በከፊል ውሃ ውስጥ አድርጎ፣ በሁለቱም ጎን ማለፊያውን በድንጋይና በእንጨት መዝጋት ነው። እንስሳው ሲያልፍ ራሱ ይገባል። ከላይ አየር የሚስብበት ቦታ ካልተተወለት ግን ይሰጥማል፤ ሌሊት ዝናብ ጥሎ ወንዙ ከሞላም እንዲሁ። ስለዚህ ወጥመዱ ሳይጠበቅ ማደር የለበትም። ቀን ቀን የሚተኛበት ጉድጓድ በወንዙ ዳርቻ ከውሃው ወለል ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል።