የጨቅላ ሕፃናት የሕመም ስሜትና የአሳዳጊዎች ሚና

ጨቅላ ሕፃን ያመመውን በቃል አይናገርም፤ ራሱን የሚያረጋጋበት አቅምም ገና አልዳበረም። መርፌ ከተወጋ በኋላ ለቅሶው ቶሎ መብረዱ ወይም መራዘሙ አቅፎት ካለው ሰው ጋር የተያያዘ ነው። ያ ሰው እናት፣ አባት፣ አያት ወይም ሞግዚት ሊሆን ይችላል።

ሕክምናው ይህን የተረዳው ዘግይቶ ነው። እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ብዙ ሐኪሞች የአራስ ልጅ ነርቮች ስላልበሰሉ ሕመም በቅጡ አይሰማውም ብለው ያስቡ ነበር። በቂ ማደንዘዣ ሳይሰጣቸው ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ጨቅላዎች ጥቂት አልነበሩም፤ ዛሬ ሲያስቡት ይሰቀጥጣል። ሐኪሞቹ ካንዋልጂት አናንድና ፖል ሂኪ በ1987 ያወጡት ጽሑፍ ይህን እምነት ከናዱት ሥራዎች ዋነኛው ነው። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም በ2020 ባሻሻለው ትርጓሜ፣ መናገር አለመቻል ሕመም ላለመኖሩ ማስረጃ እንደማይሆን አስፍሯል።

እውነታው እንዲያውም ከቀድሞው እምነት ተቃራኒ ነው። ከአንጎል ወደ ሕብለ ሰረሰር ወርዶ የሕመምን መልእክት የሚያለዝበው ሥርዓት በውልደት ጊዜ ገና ደካማ ነው። አዋቂ ሰው በውስጡ ያለው ፍሬን ለጨቅላው ስላልጠነከረለት፣ ፍሬኑን ከውጭ የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል።

ለዚህ መጀመሪያ ሕመሙን ማወቅ ያሻል። ለቅሶ ብቻውን አያስተማምንም፤ ልጅ ሲርበውም ያለቅሳል። ፊቱ የተሻለ ይናገራል፦ ቅንድቡ ይኮማተራል፣ ዓይኑ ጭምቅ ይላል፣ ከአፍንጫው ወደ ከንፈሩ ጥግ የሚወርደው መስመር ይጎላል፣ አፉም ይከፈታል። በጣም ቀድመው የተወለዱት ግን ዝም ሊሉ ይችላሉ፤ ዝምታቸው አለመታመም አይደለም።

ከማስታገሻዎቹ ሁሉ ጥሩ ማስረጃ ካላቸው አንዱ ገላ ለገላ መታቀፍ ነው። ልማዱ በካንጋሮ እንክብካቤ ስም ከቦጎታ፣ ኮሎምቢያ የተነሣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ ዓላማው ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱትን በእናት ደረት ማሞቅ ነበር። በ2000 በወጣ አንድ ጥናት፣ ተረከዛቸው ለደም ምርመራ ሲወጋ እናታቸው ደረት ላይ የነበሩ አራሶች አልጋ ላይ ከነበሩት ይልቅ ለቅሷቸው በ82 በመቶ፣ የፊታቸው መጨማደድ በ65 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ጡት ማጥባትም እንዲሁ ይረዳል፤ መጥባቱ፣ ጣዕሙ፣ ሙቀቱና እቅፉ በአንድነት ይመጣሉና። በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ቆዳን በሰከንድ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል በዝግታ መዳበስ አንጎል ለተረከዝ መወጋት የሚሰጠውን ምላሽ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ብዙ ወላጆች ማንም ሳያስተምራቸው ልጃቸውን የሚዳብሱት በዚሁ ዝግታ አካባቢ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ስለ ክትባት ሕመም ባወጣው ምክር ልጁ በአሳዳጊው እንዲታቀፍ፣ ከተቻለም ጡት እየጠባ እንዲከተብ ይላል። «ምንም አያምም» የሚል የሐሰት ማጽናኛም አይደግፍም። ለጨቅላ ግን ቃሉ ሳይሆን የአሳዳጊው ድምፅ፣ ፊትና የሰውነቱ መዝናናት ወይም መወጠር ነው መልእክቱ። የደነገጠች እናት ትወቀሳለች ማለት አይደለም፤ እሷንም የሚያረጋጋ ባለሙያ ያስፈልጋል።

የአሳዳጊው ተጽዕኖ ወሰን አለው፣ ይህም በግልጽ መነገር አለበት። በካናዳ ቶሮንቶ አካባቢ በሪቤካ ፒላይ ሪድል የተመራ ጥናት ከ700 በላይ ሕፃናትን በ2፣ በ4፣ በ6 እና በ12 ወራቸው ክትባት ሲወስዱ ተከታትሏል። መርፌው እንደገባ የሚታየውን የመጀመሪያ ጩኸት አሳዳጊው እምብዛም አይለውጠውም፤ የሚበልጠው ድርሻው ከዚያ በኋላ ባለው መረጋጋት ላይ ነው። ልጁን በንቃት እየተረዱ ደጋግሞ ምላሽ መስጠት ደግሞ ውጤቱ በዓመቱ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ይበልጥ የሚከብደው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ላሉ ጨቅላዎች ነው። በቀን 10 ወይም ከዚያ በላይ የሚያሳምሙ ሂደቶች ሊደረጉባቸው ይችላሉ፤ ብዙውን ጊዜ ወላጅ በሌለበት። ማቀፍ በማይቻልበት ሰዓት አንድ እጅን በልጁ ጭንቅላት ላይ፣ ሌላውን በታጠፉት እግሮቹ ላይ አድርጎ በእርጋታ መያዝ ይቻላል። ለቀዶ ጥገና ወይም ለበረታ ሕመም ግን እጅ መድኃኒትን አይተካም፤ ሁለቱም ለልጁ ይገቡታል።