ሳጥኑ ውስጥ ማን ማንን ይጠብቃል? የኮምፒውተር ክፍሎችና የጋራ ሥራቸው

እኛ አገር ብዙ ሰው «ሲፒዩ» ሲል ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠውን ሳጥን ማለቱ ነው። «ሲፒዩውን ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጊው» ይባላል። እውነተኛው ሲፒዩ (ፕሮሰሰርም ይባላል) ግን ሳጥኑ ተከፍቶም ወዲያው አይታይም። ከፋንና ከብረት ማቀዝቀዣ ሥር ተሸሽጎ የተቀመጠ፣ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ዕቃ ነው። በዙሪያው ማዘርቦርዱ፣ ራሙ (ለጊዜው የሚሠራበት ዳታ የሚቀመጥበት)፣ ሃርድ ዲስኩ፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ አንዳንዴም የስክሪኑን ምስል የሚያዘጋጀው ግራፊክስ ካርዱ አሉ። ስማቸውን መሸምደድ ለማንም አይከብድም። አብረው እንዴት እንደሚሠሩ ለመረዳት ግን አንድ ጥያቄ ይዞ መግባት ይሻላል ባይ ነኝ፦ ማን ማንን ነው የሚጠብቀው?

በመጀመሪያ እነዚህ ዕቃዎች ለምን ተለያይተው እንደሚሸጡ እንይ። የዛሬው ዴስክቶፕ መልኩን የወረሰው በአብዛኛው ከአንድ ማሽን ነው። አይቢኤም በነሐሴ 1981 «5150» የተባለውን ፒሲ አወጣ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መነሻ ዋጋው 1,565 ዶላር ነበር። ራሙ ከ16 ኪሎባይት ይጀምራል። ዛሬ በስልክ የምንልከው አንድ ፎቶ እንኳ እዚያ ውስጥ አይገባም። ድርጅቱ ማሽኑን በአንድ ዓመት ገደማ ለማድረስ ስለቸኮለ ሁሉን ነገር ራሱ አልሠራም። ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል ገዛ። የውስጥ አሠራሩንም ከነሥዕላዊ ንድፉ በመጽሐፍ አሳተመ። ሌሎች ድርጅቶች ያንን አይተው ተመሳሳዩን ሠሩ። ዛሬ የአንዱን ድርጅት ራም ገዝተን የሌላው ማዘርቦርድ ላይ የምንሰካው በዚያ ችኮላ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወርድ ከፍታችሁ «ሀ» ብላችሁ ጻፋችሁ እንበል።

ከኪቦርዱ ቁልፎች ሥር የተጠላለፉ የሽቦ መስመሮች አሉ። ውስጡ ያለች ትንሽ ቺፕ መስመሮቹን በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየፈተሸች የትኛው እንደተነካ ታያለች። የተነካውን ቁልፍ ቁጥር በዩኤስቢ ገመድ ትልካለች። ኪቦርዱ አማርኛ አያውቅም። እንግሊዝኛም አያውቅም። ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚቀይረው ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው የመጻፊያ ፕሮግራም ነው። «ሀ» የዓለም ፊደሎች በቁጥር በተመዘገቡበት በዩኒኮድ ሰንጠረዥ 4608 ቁጥር ተሰጥቷታል። የኛ ፊደሎች እዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ የገቡት በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ከዚህ በኋላ ማሽኑ ውስጥ የሚዞረው ፊደሏ ሳትሆን ቁጥሯ ነው፤ ያውም 1001000000000 ተብሎ በአንድና በዜሮ የተጻፈ። ፕሮሰሰሩ ይህን ቁጥር ራም ላይ ያስቀምጣል። ከፎንቱ ላይ የ«ሀ» ቅርጽ ተፈልጎ ወደ ነጥቦች ይለወጣል። ስክሪኑ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚታደስ በሚቀጥለው ዙር ፊደሏ ብቅ ትላለች። ይህ ሁሉ ጣታችሁ ሌላ ቁልፍ ጋ ሳይደርስ ያልቃል።

በዚህ ሁሉ መሀል ትእዛዝ እየተቀበለ የሚፈጽመው ፕሮሰሰሩ ነው። በትምህርት መጻሕፍት «አንጎለ ኮምፒውተር» ይሉታል። እኔ ስሙ ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል። የሚያውቀው ሥራ ጥቂት ነው፦ መደመር፣ ማነጻጸር፣ ቁጥርን ከቦታ ቦታ ማዛወር፣ ውጤቱን አይቶ ወደ ሌላ ትእዛዝ መዝለል። ኃይሉ ያለው ፍጥነቱ ላይ ነው። «3 ጊጋኸርትዝ» ማለት የውስጥ ሰዓቱ በሰከንድ 3 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል ማለት ነው። በአንድ ምት ውስጥ ብርሃን እንኳ የሚጓዘው 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ራም የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚደረጉትም አንድም ለዚህ ነው።

ኢንቴል በ1971 ያወጣው 4004 የተባለው ፕሮሰሰር 2,300 ትራንዚስተሮች ነበሩት። አፕል በ2020 ያወጣው ኤም 1 ደግሞ 16 ቢሊዮን አለው። ትራንዚስተር ከመብራት ማብሪያና ማጥፊያ ብዙም የተለየ ነገር አይደለም፤ የሚያበራና የሚያጠፋው ጣት ሳይሆን ሌላ ኤሌክትሪክ ነው። «ኮር» የሚባሉት ደግሞ በአንድ ቺፕ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ፕሮሰሰሮች ናቸው። ሻጮች ቁጥራቸውን ሲጠሩ ደስ ይላቸዋል። ግን አንዱን ጀበና አራት ሰው ከቦ ቢቀመጥ ቡናው ቶሎ አይፈላም። ሥራው የማይከፋፈል ከሆነ ከአራቱ ኮሮች ሦስቱ ቁጭ ብለው ያያሉ።

ፕሮሰሰሩ ሲፈጥን ችግሩ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። የሚሠራበትን ዳታ ማን ያቀብለው? ዋናው አቀባይ ራም ነው። ዛሬ የምንጠቀምበትን የራም ዓይነት የፈለሰፈው የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድ ነው፤ የባለቤትነት መብቱን ያገኘው በ1968 ነው። እያንዳንዱ አንድ ወይም ዜሮ የሚቀመጠው በጣም ትንሽ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው። ማጠራቀሚያው ግን የተሰነጠቀ እንስራ ነው፤ ያፈሳል። ስለዚህ ማሽኑ እያንዳንዱን እንስራ ብዙውን ጊዜ በ64 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ አንዴ እየዞረ ይሞላዋል። መብራት ሲሄድ ሞዪው ይቆማል። ያቺ «ሀ» ሴቭ ካልተደረገች አለቀላት። ሦስት ገጽ ጽፎ መብራት የጠፋበት ሰው የራምን ጠባይ ከማንም መምህር የተሻለ ያውቀዋል።

ራም በኛ ዓይን ፈጣን ነው፤ በፕሮሰሰሩ ዓይን ግን ቀርፋፋ ነው። ልዩነቱ እንዲታይ ጊዜውን እንለጥጠው። የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ አንድ ሙሉ ሰከንድ ሆነ እንበል። ፕሮሰሰሩ እዚያው ጉያው ውስጥ ካለችው «ካሽ» ከምትባል ትንሽ ማስቀመጫ ዳታ ሲያነሳ 1 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ጨው ምድጃው አጠገብ እንዳለ ቁጠሩት። ከራም ለማምጣት አንድ ደቂቃ ተኩል ይሆናል፤ ጎረቤት ሄዶ መዋስ ነው። ከኤስኤስዲ (ዳታን በቺፕ ከሚይዘው አዲሱ ማከማቻ) ለማምጣት ከአንድ ቀን በላይ ይወስዳል። ከሃርድ ዲስክ ከሆነስ? አራት ወር ተኩል። ጤፉ ተዘርቶ፣ ታርሞ፣ ታጭዶ እስኪመጣ መጠበቅ በሉት። ምጣዱ ተጥዶ፣ ባለሙያዋ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች።

ሃርድ ዲስክ ለምን እንዲህ ይዘገያል? ምክንያቱም በአካል የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ውስጡ ያለው ሰሌዳ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል፤ አንዱ ዙር 8 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። አንባቢዋ ክንድ መጀመሪያ ትክክለኛው መስመር ላይ መድረስ አለባት። ከዚያ የሚፈለገው ቦታ ዞሮ ከሥሯ እስኪመጣ ትጠብቃለች። አያቱን ብታዩት ግን ለዛሬው ታዝኑለታላችሁ። በ1956 የወጣው የአይቢኤም የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ 50 ሰሌዳ ነበረው፤ የእያንዳንዱ ስፋት 61 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ቶን ገደማ እየመዘነ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። የሃርድ ዲስክ አንባቢ ሰሌዳውን አትነካም፤ ከላዩ ላይ በጥቂት ናኖ ሜትር ከፍታ በአየር ላይ ትንሳፈፋለች። አየሩ ከሳሳ ተንሳፋፊዋ ወደ ታች ትወርዳለች። ለዚህ ነው ብዙ አምራቾች «ከ3,048 ሜትር ከፍታ በላይ አትጠቀሙበት» ብለው የሚጽፉት። አዲስ አበባ ከዚያ በታች ስለሆነች አትሰጉ። ሰሜን ተራሮች ላይ ሃርድ ዲስክ ይዞ የሚወጣ ካለ ግን ነገሩ ይመለከተዋል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ይህ ጣጣ የለበትም። ዳታውን የሚይዘው በቺፕ ውስጥ ነው፤ መብራት ቢሄድም አይለቅም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ለኪስ ይጠቅማል። አሮጌ ኮምፒውተር «ስታክ» ሲያደርግ ብዙ ሰው ወይ ፎርማት ያስደርጋል፣ ወይ አዲስ ማሽን ያስባል። ፎርማት ለጥቂት ሳምንት ያቀልላል፤ የሃርድ ዲስኩ ክንድ ግን ያው ክንድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ አይደለም። እሱ እየጠበቀ ነው። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት የአስር ዓመት ማሽን ላይ እንኳ ዓይን የሚያበራ ለውጥ ያመጣል። ራም ሲያንስ ደግሞ ሌላ ክፉ ነገር ይፈጠራል። ኮምፒውተሩ ራም ላይ ያልበቃውን ዳታ ወደ ዲስኩ ያሸሻል፤ ሲፈልገው መልሶ ያመጣዋል። ጎረቤት መሄዱ ቀርቶ በየደቂቃው ጤፍ መዝራት ሊሆን ነው። የብሮውዘሩ ትር 20 ሲደርስ ማሽኑ ድርቅ የሚለው ለዚህ ነው።

ራም ለመጨመር ስትሄዱ ዓይነቱን እወቁ። ዲዲአር 3፣ ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 አይተካኩም። ሥራቸው አንድ ቢሆንም የሚፈልጉት ቮልቴጅ ይለያያል፤ ዲዲአር 3 1.5 ቮልት፣ ዲዲአር 4 1.2 ቮልት ነው። ሰው እንዳይሳሳት ተብሎ ከታች ጠርዛቸው ላይ ያለችው ቁርጥ የተለያየ ቦታ ላይ ተደርጋለች። አልገባ ካለ አትታገሉት።

ማዘርቦርዱ እነዚህን ሁሉ የሚያገናኘው የመንገድ መረብ ነው። ላዩ ላይ የምታዩዋቸው ቀጫጭን መስመሮች መዳብ ናቸው፤ ከሥር ደግሞ ሌሎች ድርቦች አሉ። መንገዶቹ እኩል ሰፊ አይደሉም። በሳታ ገመድ የሚሄደው ኤስኤስዲ በሰከንድ ከ600 ሜጋባይት በታች ያሳልፋል፤ በፒሲአይ ኤክስፕረስ 4.0 መንገድ የሚሄደው 7,000 ሊደርስ ይችላል። በወረቀት ላይ የሰማይና የምድር ያህል ነው። ለቢሮ ሥራ ግን ልዩነቱ ብዙም አይሰማም። ግራፊክስ ካርድም ለጌም፣ ለቪዲዮ ማቀናበርና ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ካልሆነ ለብዙ ሰው አያስፈልግም። ለየብቻ ቀላል ሥራ የሚሠሩ በሺህ የሚቆጠሩ ኮሮች አሉት። አብሮ የተሠራ ግራፊክስ ያለው ፕሮሰሰር ግን ከራሙ ላይ ቆንጥሮ ይወስዳል። 8 ጊጋባይት ብላችሁ ገዝታችሁ 7.8 ሲላችሁ አልተታለላችሁም።

የኛን አገር ኮምፒውተር ከሚገድሉት አንዱ ደግሞ መብራት ነው። ፓወር ሰፕላዩ ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ያወርዳል። ፕሮሰሰሩ ጋ ሲደርስ 1 ቮልት ገደማ ብቻ ይቀራል። ቮልቱ ሲያንስ አምፔሩ ይበዛል፤ 65 ዋት የሚወስድ ፕሮሰሰር ከ50 አምፔር በላይ ይስባል። በአምፔር ብቻ ከቆጠርነው የእንጀራ ምጣዱን ያስከነዳል! ከአሜሪካ ዘመድ የላከው አሮጌ ዴስክቶፕ ካላችሁ ደግሞ ጀርባውን እዩ። ትንሽ ቀይ የቮልት መምረጫ ካለችና «115» የሚል ከታየ፣ ሳትሰኩት ወደ «230» ገፋ አድርጉት። ሳያዩ የሰኩት ሰዎች የጧ ድምፅ ሰምተዋል። አብዛኞቹ የላፕቶፕ ቻርጀሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ ችግር የለባቸውም።

የገባው ኤሌክትሪክ ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ካልበረደለት ማሽኑ ይጠፋል። አቧራ የጠቀጠቀው ፋን ኮምፒውተሩን ቀርፋፋ የሚያደርገው እንዲህ ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ የሚያወጣው ሙቀትም ያንሳል። በዓመት አንዴ ከፍቶ ማራገፍ ብዙ ዕድሜ ይጨምራል።

የማብሪያውን ቁልፍ ስትጫኑ ፕሮሰሰሩ መጀመሪያ የሚያነበው ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ቺፕ ውስጥ የተጻፈውን ፕሮግራም ነው። ድሮ ባዮስ ነበር፤ አሁን ቦታውን ዩኢኤፍአይ ወስዷል። ራሙን ይፈትሻል፣ ዲስኮቹን ይቆጥራል፣ ከዚያ ዊንዶውስን ወይም ሊኑክስን ይጠራል። ራም ካላገኘ ብዙ ዴስክቶፖች ቢፕ ቢፕ ይላሉ። ሠፈራችን ያሉ ጠጋኞች ያን ሲሰሙ መብራቱን ነቅለው፣ ራሙን አውጥተው፣ ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ይጠርጉታል። ያስቃል፣ ግን ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ላጲሱ የሚያነሳው ቆሻሻና ዝገት ነው። ሰዓቱን የሚያቆየው ደግሞ ሲአር 2032 የተባለች የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ነው። እሷ ስትሞት ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ድረ ገጾችም «የደህንነት ችግር አለ» ብለው አንከፈትም ይላሉ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ማሽኗ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሲቆጥር ለወራት ዝም ብላዋለች። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሄድ መስሏት ነበር።

ላፕቶፕና ስልክ ላይ ግን ይህ ሁሉ መፍታትና መግጠም እየቀረ ነው። ስልካችሁ ውስጥ ፕሮሰሰሩ፣ ግራፊክሱና የካሜራው አቀናባሪ አንድ ቺፕ ላይ ናቸው። የአፕል ኤም 1ም ራሙን ሳይቀር እዚያው ፕሮሰሰሩ አጠገብ አንድ ጥቅል ውስጥ አስገብቶታል። ርቀቱ አጠረ፣ ጥበቃውም ቀነሰ። በኋላ ራም ልጨምር ማለት ግን የለም፤ የገዛችሁትን ይዛችሁ መኖር ነው። በዚህ አካሄድ ሳጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» የሚሉት ሰዎች ጥቂት ቆይተው ትክክል ሳይሆኑ አይቀሩም።