የዓድዋ ሜዳይ ነው የተባለው ክብ ብር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዳማ በጅቡቲና በአዲስ አበባ መካከል በተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ላይ ያደገች የንግድ ከተማ ስለሆነች፣ ከየአቅጣጫው መጥተው የሰፈሩባት ቤተሰቦች ከአያት የወረሱት አሮጌ ብር ወይም ሜዳይ ከሣጥናቸው አይጠፋም። ከእነዚህ አንዱን በቅርቡ ተመልክቻለሁ። በአንድ ፊቱ ዘውድ የደፉ የአጤ ምኒልክ መልክ፣ በሌላው አንበሳ አለው፤ አናቱ ላይ ማንጠልጠያ ቀለበት ተበይዶበታል፤ ለረጅም ዘመን አንገት ላይ ከመዋሉ የተነሣም የአንበሳው ጋማ ልሙጥ ሆኗል። ባለቤቶቹ አያታቸው ለዓድዋ ዘመቻ የተሰጣቸው የመታሰቢያ ሜዳይ እንደሆነ ያምናሉ። ስለዚህ ብርና ስለ መሰሎቹ ደጋግሜ የምሰማቸውን አስተያየቶች በየተራ ማየቱ ተገቢ ነው።

«የንጉሥ መልክና ማንጠልጠያ ካለው ሜዳይ ነው።»

አይደለም። መገበያያ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ዋጋው ይጻፍበታል፤ ለመታሰቢያ ወይም ለሽልማት የተሠራ ሜዳይ ግን በአብዛኛው ዋጋ አይጻፍበትም። ይህኛው ሲመዘን ወደ 28 ግራም ይደርሳል፤ ወርዱም 40 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይህ ልክ ምኒልክ በፓሪስ ያስመቱት የአንድ ብር ልክ ነው፤ የፓሪስ የገንዘብ መምቻ ቤት ምልክት የሆነችው ትንሽ የላቲን «ኤ» ፊደልም በጥንቃቄ ለሚያይ ሰው ትታያለች። ብሩ የተመታው በገበያው የነገሠውን፣ የኦስትሪያዋን ንግሥት የማሪያ ቴሬዛን መልክ የያዘውን ጠገራ ብር ለመተካት ስለነበር ክብደቱ ከጠገራው ጋር እንዲቀራረብ ተደርጓል። ማንጠልጠያውን የጨመረው አንጥረኛ ነው። ብርን በስቶ ወይም ቀለበት በይዶ የአንገት ጌጥ ማድረግ በሀገራችን የቆየ ልማድ ነው።

ማንጠልጠያው መቼ እንደተበየደ ለመገመት ከሥሩ ያለውን ቦታ በአጉሊ መነጽር ማየት ይጠቅማል። ቀለበቱ የሸፈነው ፊደል ጠርዙ ስል ሆኖ ሌላው ሁሉ ከደበዘዘ፣ ብሩ ገበያ ላይ ብዙ ሳይዘዋወር ቶሎ ጌጥ ሆኗል ማለት ነው፤ ከሥሩ ያለውም እንደ ሌላው ከለሰለሰ ግን መጀመሪያ በብዙ እጅ ዞሯል። ከማንኛውም ጽሑፍ ይልቅ እኔ የማምነው ይህን ዓይነቱን ምልክት ነው።

«ለዓድዋ ድል መታሰቢያ የተሠራ ነው።»

ብሩ ላይ የተጻፈው ዓመት ፲፰፻፹፯ (1887) ነው። የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ለድሉ መታሰቢያ የተሠራ ዕቃ ከድሉ አስቀድሞ ያለውን ዓመት ሊይዝ አይችልም። ይህ ማለት ግን አያትየው ዓድዋ አልዘመቱም ማለት አይደለም። ጦርነቱ ሲካሄድ ብሩ ተመትቶ ስለነበር አንድ ዘማች በእጁ ሊያስገባውና ለዘመቻው ማስታወሻ አድርጎ ሊያቆየው ይችላል። የማይቆመው ብሩ ለዚያ ተብሎ ተሠራ የሚለው ክፍል ብቻ ነው።

«የተጻፈው ዓመት የተሠራበት ዓመት ነው።»

ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ዋናው ማስረጃ ራሱ ጠገራው ነው። ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለንግድ የተመቱት ጠገራዎች በሙሉ ያንኑ ዓመት እንደያዙ ቀጥለዋል። ከቪየና ሌላ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ በሮም፣ ከ1936 ጀምሮ በለንደን፣ ቆይቶም በቦምቤይ ተመትተዋል። ስለዚህ «1780» የሚል ጠገራ ይዞ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል ብሎ መደምደም አይቻልም፤ የአያትየው እኩያ ሊሆን ይችላል። የቀድሞ ነጋዴዎችም ብሩን ከመቀበላቸው በፊት በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ ፈርጦች ዘጠኝ መሆናቸውን ይቆጥሩ የነበረው እውነተኛነቱን ለማረጋገጥ ነው።

በሀገራችንም ተመሳሳይ ነገር አለ። ፲፱፻፴፮ (1936) የሚል ዓመት የተቀረጸባቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች ያንኑ ዓመት ሳይለውጡ ለብዙ ዓመታት መመታታቸውን ቀጥለዋል። ከዚያም በላይ፣ እነዚህ ሳንቲሞች የተሠሩለት አዲሱ ገንዘብ ሥራ ላይ የዋለው በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ነው።

«ቁጥሩ የፈረንጅ ዓመት ነው።»

ይህ ስህተት በተለይ ውጭ ሀገር ባደጉ ልጆች ዘንድ ይበዛል። ፲፱፻፴፮ን እንደ ፈረንጅ ዓመት ያነበበ ሰው ሳንቲሙ ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት ዓመት የተመታ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1943/44 ነው፤ ጣሊያን በዚያን ጊዜ ተባሯል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓልም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ስለሆነ እ.ኤ.አ. 1930 ላይ ይውላል።

«ሞዐ አንበሳ የሚል ካለበት የምኒልክ ዘመን ነው።»

«ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ድረስ ያገለገለ የነገሥታት መጠሪያ ስለሆነ ዘመኑን ለመለየት አይረዳም።

«ማግኔት ከሳበው ሐሰተኛ ነው፤ ካልሳበው እውነተኛ ብር ነው።»

ሁለቱም አያስኬዱም። መዳብና ናስም በማግኔት አይሳቡም፤ ስለዚህ አለመሳቡ ብርነቱን አያረጋግጥም። በሌላ በኩል የ1923ቱ ባለ 50 መቶኛ ሳንቲም ከኒኬል የተሠራ ስለሆነ እውነተኛው ራሱ ይሳባል። ከማግኔት ይልቅ የወርቅ ቤት ሚዛን ይሻላል።

«ካልተወለወለ አይነበብም።»

እባካችሁ ይህን አታድርጉ። በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና የተፈተገ ብር ያበራል፤ ሲያበራ ግን ትንንሾቹ ምልክቶች፣ የጠርዙ ቅርጽና ከማንጠልጠያው ሥር ያለው ማስረጃ አብረው ይጠፋሉ፤ ሰብሳቢዎችም ዋጋውን ይቀንሱበታል። ጽሑፉን ለማንበብ ብርሃን ከጎን አሳርፎ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበቃል፤ የፊደሎቹ ጥላ ደብዛዛውን ያወጣዋል።

«የቤተሰብ ንብረት ስለሆነ ወደ ውጭ ብልከው የሚጠይቀኝ የለም።»

የባለቤትነት መብትና ከሀገር የማውጣት ፈቃድ ይለያያሉ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማስወጣትን ይከለክላል። ስለዚህ ዕቃው ቅርስ መሆን አለመሆኑ ካልታወቀ፣ ከመላኩ በፊት ክብደቱን እንዲሁም የሁለቱን ፊትና የጠርዙን ፎቶ ይዞ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ ያስፈልጋል። አያትየው ስለ ብሩ የተናገሩትንም ማን ከማን እንደሰማው ጠቅሶ በጽሑፍ ማያያዝ ይጠቅማል፤ መርማሪው ብረቱ ከሚለው ጋር ሊያመሳክረው ይችላልና።