ደሞዝ አለኝ፣ ከቤት ልውጣ?

የ16 ዓመት ልጅ ካፌ ተቀጠረ እንበል። የመጀመሪያ ደሞዙን ቆጥሮ «ከእንግዲህ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ» አለ። ይችላል? ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት ጀምሮ መቀጠር ይቻላል። በቤተሰብ ሕጉ ግን አካለ መጠን የሚደረሰው 18 ሲሞላ ነው። እስከዚያ የት እንደሚኖር የሚወስነው አሳዳሪው ነው፤ ብዙውን ጊዜ እናትና አባቱ። ሳያስፈቅድ ሻንጣውን ይዞ ውልቅ ቢል፣ እንዲመለስ ሊያስገድዱት ይችላሉ።

«ነፃ መውጣት» የሚባል ነገርም አለ። 14 ዓመት የሞላውን ልጅ፣ ጥቅሙ የሚጠይቅ ከሆነ ፍርድ ቤት ራሱን እንዲያስተዳድር ሊፈቅድለት ይችላል። ከአባት ጋር መኮራረፍ ብቻውን የሚያበቃ አይመስለኝም። ልጁ ቤት ውስጥ የሚደበደብ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ፍርድ ቤት አሳዳሪውን ሊሽር ይችላል።