ቶን-ኪሎ ሜትር ምንድን ነው?

አይሱዙው ማለዳ ባሕር ዳር ገብቷል። ወዛደሮቹ የሳሙና ካርቶንና የዘይት ጀሪካን እየተቀባበሉ ያወርዳሉ፤ ረዳቱ ሸራውን ያጣጥፋል፤ ሾፌሩ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ የመልስ ጭነት ያፈላልጋል። ደላላው «ዛሬ የለም» ካለው ባዶውን ይመለሳል። ነጋዴው ዕቃ ሲያስጭን የሚወጣውን ካርቦን ቀንሷል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህንን ነው።

መለኪያው ቶን-ኪሎ ሜትር ይባላል። አንድ ቶን፣ ማለትም 10 ኩንታል፣ አንድ ኪሎ ሜትር ሲጓዝ አንድ ቶን-ኪሎ ሜትር ሆነ። ከአዲስ አበባ 50 ኩንታል ጭኖ 560 ኪሎ ሜትር ግድም የመጣ መኪና 2,800 ሠርቷል ማለት ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። መኪናው አባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ 140 ሊትር ፈጀ እንበል፤ 378 ኪሎ ግራም ነው። ለአንድ ቶን-ኪሎ ሜትር 135 ግራም ይደርሳል።

ባዶውን ሲመለስ 100 ሊትር ቢያቃጥልስ? ያም ጭስ የሚታሰበው በዚያው ሳሙናና ዘይት ላይ ነው፤ 135 የነበረው 231 ግራም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አይኤስኦ 14083 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርትም የባዶ ጉዞው እንዲቆጠር ያዛል። የጎጃም በቆሎ መኪና እየጠበቀ ባዶ አይሱዙ አባይን ሲሻገር ማየት ያንገበግበኛል። መኪናው የኪራይ ነው ማለትም አያድንም፤ ነጋዴው ከፍሎ ያስጫነው ዕቃ ጭስ በ«ስኮፕ 3»፣ ማለትም የራሱ ባልሆነ መኪናና ድርጅት በኩል ለእሱ ሥራ የሚወጣው ጭስ በሚያዝበት የሒሳብ ክፍል፣ ሥር እሱ ላይ ይመዘገባል።

«በቶን-ኪሎ ሜትር ቀነስኩ» የሚል ነጋዴ ሲያጋጥም ግን ጠቅላላውን ኪሎ ግራም መጠየቅ ያስፈልጋል። ቅርንጫፍ ከፍቶ የሚያስጭነውን እጥፍ ካደረገ፣ ግራሙ ወርዶም ጭሱ ሊጨምር ይችላል። ተቃራኒውም አለ። ከውጭ የሚገባ ሩዝ ትቶ የፎገራን ሩዝ የሚሸጥ ባለሱቅ በትንሽ መኪና 20 ኩንታል ከወረታ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ያስመጣል። ግራሙ 300 ቢሆንበት በወረቀት ላይ ከአይሱዙው የባሰ ይመስላል። በጠቅላላ የለቀቀው ግን 36 ኪሎ ግራም ነው፤ ከጅቡቲ ወደብ የሚነሳው ሩዝ ግን ባሕር ዳር እስኪደርስ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ናፍጣ ያቃጥላል።