«ጥፋተኛ አይደለም» ምንድን ነው?

ትርጉም ፊልም እያየሁ ነበር። ጠበቃው በግድያ ተከሶ፣ ራሱ ለራሱ ተከራክሮ፣ መጨረሻ ላይ የጁሪው (ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም ብለው እንዲወስኑ የተመረጡት ተራ ዜጎች) ውሳኔ ተነበበ። ተራኪው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ንጹህ መሆኑ ተረጋገጠ!» አለ። ሪሞቱን ልወረውረው ምንም አልቀረኝ።

ወንድሜ፣ ማን አረጋገጠ? ጁሪው ያለው «ጥፋተኛ አይደለም» ነው። አሜሪካ ውስጥ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ፤ ሁለቱን ባምታታ እንጀራዬን አጣለሁ።

ነገሩን እንደ ፈተና እዩት። ተፈታኙ ተከሳሹ ይመስላችኋል፤ ዐቃቤ ሕጉ ነው። ተከሳሹ ቃል ሳይተነፍስ፣ አንድ ምስክር ሳይጠራ እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ መብቱ ነው። አራሚዎቹ 12 የጁሪ አባላት ናቸው። ለማለፍ «ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ» ማስረዳት ያስፈልጋል። ስንት ከመቶ እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ቁጥር የለውም። 12ቱም «አላስረዳም» ካሉ ዐቃቤ ሕጉ ወደቀ፤ ድጋሚ ፈተና የለም። 12ቱ መስማማት ካቃታቸው ግን ውጤቱ «ኢንኮምፕሊት» ነው፤ ተመልሶ ሊቀመጥ ይችላል።

«ያው ነፃ ከወጣ ንጹህ ነው» ትለኝ ይሆናል። የአሜሪካ ፉትቦል ኮከብ የነበረውን ኦ ጄ ሲምፕሰንን ላስታውስህ። በጥቅምት 1995 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ላይ ከሁለት ሰዎች ግድያ ክስ ነፃ ወጣ። በ1997 ደግሞ የፍትሐ ብሔር ጁሪ ለሟቾቹ ሞት ተጠያቂ ነው ብሎ 33.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረደበት። ሁለቱ ውሳኔዎች አይጋጩም። በሁለተኛው ፈተና ማለፊያው ከግማሽ ትንሽ ከፍ ማለት ብቻ ነበር፤ ተፈታኞቹም የሟቾቹ ቤተሰቦች ነበሩ።

ይህን ስል ግን «አድርጎት ነው ያመለጠው» እያልኩ አይደለም። እሱም ሌላው በሽታ ነው። በሕግ ፊት ነፃ የወጣ ሰው ቀድሞም እንደ ንጹህ ይቆጠር ነበር፣ አሁንም ይቆጠራል። የኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ላይ ይህንኑ ይላል። እንዲያውም የኛ ዳኞች አነጋገር ይበልጥ ግልጽ ነው፦ «ዐቃቤ ሕግ እንደ ክሱ አላስረዳም፤ ተከሳሹ በነፃ ይሰናበት»።

ካሊፎርኒያ ውስጥ የምር «ንጹህ» መባል የሚፈልግ ሰው ሌላ በር አለው፣ የወንጀል ሕጉ ቁጥር 851.8። እዚያ ግን ወንበሩ ይገለበጣል። እሱን ለመጠርጠር በቂ ምክንያት እንዳልነበረ የሚያስረዳው ራሱ ነው። ከተሳካለት የእስሩ መዝገብ ይታሸጋል፣ ቆይቶም ይወገዳል። ከባድ ፈተና ነው።

አንድ ጊዜ (ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ፣ መሐላ አለብኝ) አንድ አባት ትንሽ የመኪና ግጭት ጉዳይ ይዘው ቀረቡ። ጠበቃቸው «ጥፋተኛ አይደለሁም ይበሉ» አለ። ተረጎምኩላቸው። «እግዜር እያየኝ? መኪናውን እኮ ነክቼዋለሁ!» አሉ። እሱንም ለጠበቃው ተረጎምኩ። አስተርጓሚ ማብራራት አይፈቀድለትም፤ ምላሴን እያሳከከኝ ዝም አልኩ። ጠበቃው ኮሪደር ላይ አውጥቶ ደህና አድርጎ አስረዳቸው።

ስማቸው ሲጠራ ቆባቸውን አውልቀው ቆሙ። «ጥፋተኛ አይደለሁም» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «እስኪያስረዱብኝ ድረስ» ብለው ጨመሩ።

እሱንም ተረጎምኩት።